የጣሪያው በር ቁልፍ ማን ጋ ነው?

እኔ ባደግሁባት ሽንሌ ከፍታ ብርቅ ነገር ነበር። ከመሬት ቀና ያለ ነገር ቁጠር ብትባል የባቡር ጣቢያው ጣሪያ፣ የውኃው ጋን፣ ቀጥሎ ግመል ላይ የተቀመጠ ሰው፤ በቃ። ከተማዋ ከድሬዳዋ ትንሽ ወደ ሰሜን ወረድ ብሎ፣ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አሮጌ ሐዲድ ዳር ሜዳው ላይ ተዘርግታለች። ሐዲዱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ የገባው ሽንሌን አቋርጦ ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917። ስለዚህ ሽንሌዎች «ባቡርን ከእናንተ ቀድመን አየን» ብለው አዲስ አበቤዎች ላይ ቢኮሩ የ15 ዓመት ብልጫ አላቸው። በፎቅ ግን የሚኮራ አልነበረም። እኛ ከተኛንበት በላይ ሌላ ሰው፣ ከእሱም በላይ ሌላ ሰው አልጋ ዘርግቶ ያድራል ቢሉን ሊያሾፉብን ነው ብለን እንስቅ ነበር።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር የእኛ ቤት ግንቡ ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከአጥራችን ባሻገር አቃል የሚባሉት የኢሳ ሶማሌዎች ተነቃይ ጎጆዎች ነበሩ፤ እኔም ቀኔን የምውለው እዚያ ነበር። አቃልን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የግራር ሥርና ቅርንጫፍ አጉብጠው ያቆማሉ፣ በእጃቸው የሠሩትን ሰሌን ይደርቡበታል፣ በገመድ ይወጥሩታል። ሰፈር የሚለቀቅ ዕለት ያው ቤት በጥቂት ሰዓት ተፈትቶ ግመል ይጫናል። በሩ ዝቅ ያለች አንዲት ቀዳዳ ናት፤ ለነፋሱ ጀርባዋን ሰጥታ ትከፈታለች። ምድጃው ደጅ ነው። ወደ ማታ የአሸዋው ነፋስ ሲነሣ፣ ሁላችንም አያዮ የምንላት አሮጊት ከአቃል አቃል እየዞረች ፍሙ በአሸዋ መዳፈኑን ታያለች። ማንም አልሾማትም። የረሳች ሙሽራ ካገኘች በሰፈሩ ፊት ትወቅሳታለች፤ እኛ ልጆቹን ፍም በጣሳ ይዘን ስንሮጥ ከያዘችን ደግሞ ጆሯችንን ቆንጥጣ «እሳት እንግዳ ነው፤ ብቻውን አይተዉትም» ትለን ነበር።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከተማዋ ይህን ዓይነት ቤት መሥራት የጀመረችው በ1996 ዓ.ም. ገደማ ቦሌ ገርጂ ላይ፣ የጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ ባስተዋወቀው አነስተኛ ወጪ የቤት አሠራር ነው። ወጪ ለመቆጠብ አብዛኛው ጂ ፕላስ 4 ሆኖ ያለ ሊፍት ተሠራ። የ40/60 ቁጠባ ቤቶች ሲመጡ ቁመቱም ጨመረ፣ ሊፍትም ገባ። የእኛ ሊፍት አልባ ነው፤ ያለው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ከታች ሲወጣ አንደኛው ፎቅ ላይ ሞተር ሳይክል ቆሟል። ሁለተኛው ላይ ማንም የማይቀመጥበት ሶፋና ከሰል የተሞላ ጆንያ አለ። ሦስተኛው ላይ የውኃ ሮቶ፣ አራተኛው ላይ የጫማ መደርደሪያና የአበባ ማሰሮዎች። ከዚያ በላይ ወደ ጣሪያ የምታወጣው የብረት በር ናት፤ ተቆልፋለች። ቁልፉ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ የቀድሞ የኮሚቴ አባል ኪስ ውስጥ ነው። ስልኩን ሁሉም ያውቀዋል፤ አያነሣም።

ሽንሌም ሌሊቱ ጠባቂ ያስፈልገው ነበር። ጅብ አለ፣ የከብት ሌባም አይጠፋም። አቃሎቹን የሚከበው የእሾህ አጥር መግቢያው ማታ ማታ በአንድ ትልቅ የእሾህ ቅርንጫፍ ይዘጋል። ከውጭ ለሚመጣ እሾሁ ፊት ለፊት ነው፤ ከውስጥ ለሚወጣ ግን ጉቶው በእጁ በኩል ስለሆነ የሰባት ዓመት ልጅም ጎትቶ ይከፍተዋል። ያኔ ይህን እንደ ጥበብ አላየነውም፣ አጥር ነው ብለን አለፍነው። ዛሬ ሳስበው ግን መሐንዲሶች ስለ መውጫ በር ብዙ ገጽ የሚጽፉበትን ነገር፣ ማለትም ወደ ውስጥ የሚያስቸግር፣ ወደ ውጭ የሚያቀል መዝጊያን፣ እነዚያ ሴቶች በአንድ ቅርንጫፍ ጨርሰውት ነበር።

የእኛ ሕንፃ መግቢያ የብረት በር ታሪክ አጭር ነው። ከአንድ ቤት ደጃፍ ጫማ ጠፋ፣ ከሌላው ላፕቶፕ ተሰረቀ፤ ስብሰባ ተጠራ፤ ገንዘብ ተዋጣ፤ የደረጃው መግቢያ በብረት ፍርግርግ ታጠረ፤ ሲመሽ ከውስጥ በጓጉንቸር ይቆለፋል። የየቤቱ መስኮትም እስከ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ፍርግርግ ለበሰ። በዚያ ስብሰባ «ሌሊት እሳት ቢነሣስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ «አፍህን በቁርጠት!» ይባል ነበር። ሌባን ሁላችንም አይተነዋል፣ እሳትን ገና አላየንም። ስለዚህ ሕንፃችን ባየነው ጠላት ልክ ታጠረ፤ ላላየነው ጠላት የሚያስፈልገው መንገድ ደግሞ በዚያው ቁልፍ ተዘጋ።

በልጅነቴ ሽንሌ ውስጥ ከሰል የሚጤሰው ደጅ ነው፤ ሌሊት ሲበርድ ወደ ውስጥ ቢገባ እንኳ ሰሌኑ ነፋስ ያሳልፋል። የአቃል ግድግዳ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ዝናብ የመጣ ቀን ይህ ጉድለት ነበር፣ ከሰል የገባ ሌሊት ግን ነፍስ ያድናል። መብራት አልነበረንም፤ ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚነሣ እሳት አናውቅም። ሽማግሌዎቹ የሚፈሩት ነፋስ፣ ጎርፍና ጠብ ነበር።

ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ብሎኬት፣ መስኮቱ ላሜራና መስታወት፣ በሩ ጥብቅ ነው። ለብርድ ጥሩ፣ ለከሰል ክፉ። ፍም የያዘ ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ሲገባ የሚያወጣው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰው እንደተኛ ይቀራል። በየክረምቱ እንዲህ ያለ ዜና እንሰማለን፤ ከንፈራችንን መጥጠን እንተኛለን። ኤሌክትሪኩም የራሱ ወግ አለው። ምጣድ ብቻውን ሦስትና አራት ኪሎዋት ይጎትታል፤ ከእሱ ጋር ስቶቭ፣ ካውያ፣ የውኃ ማሞቂያ በአንድ ማከፋፈያ ይሰካሉ። ብሬከሩ ወድቆ «ተው» ሲለን ኤሌክትሪሺያን ይጠራል፤ ኤሌክትሪሺያኑ መስመሩን ከማየት ይልቅ ከበድ ያለ ብሬከር ይቀይርልናል። ብሬከሩ መውደቁን ያቆማል፤ ሙቀቱ ግን ግድግዳው ውስጥ ባለው ቀጭን ሽቦ ላይ ይቀራል። መብራት ጠፍቶ ሰው ከቤት ከወጣ በኋላ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ማን ምን እንዳልነቀለ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። እንጀራውን ተራ በተራ የምንጋግርበት፣ ከብቱን የምናርድበት ተብሎ የተሠራ ኮሚናልም ግቢ ውስጥ ነበረን። ዛሬ ሱቅ ሆኖ ተከራይቷል፤ ኪራዩ ለጥበቃ ደመወዝ ይሆናል። ጥበቃው ሌባ ይጠብቃል።

ሽንሌ ሕግ አልነበረም የሚል ሰው ሽንሌን አያውቃትም። ኢሳዎች ሄር የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ አይጻፍም፣ ሽማግሌዎች በቃላቸው ይዘው በዛፍ ጥላ ሥር ይፈርዱበታል። በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ ኢትዮጵያን፣ ጅቡቲንና ሶማሊያን አንድ ላይ ይዞ ይህን ሕግ በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ መዝግቦታል። እኛ ልጆቹ ስለ ዓለም አቀፍ ቅርስ የምናውቀው ነገር አልነበረም፤ የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ሰው ጉዳት ካደረሰ ካሳውን ብቻውን አይከፍልም፤ ዘመዶቹም ያዋጣሉ። ስለዚህ የአንዱ ግድየለሽነት የሁሉንም ግመል ይነካል። አያዮ ያለ ሹመት ስትዞር የነበረው ደግነቷ ብቻ አይመስለኝም። ሰፈሩ የሚከፍለውን ሒሳብ አስቀድማ እየቀነሰች ነበር።

አሁን ሕጉ ተጽፏል። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ኮሪደሩን የጋራ ይላቸዋል፤ የሚያስተዳድራቸውም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሕንፃን በሦስት ምድብ ከፈለ፤ ቁመቱ ከ12 ሜትር ያለፈውን ምድብ «ሐ» አለው፣ ቁጥጥሩንም አጠበቀ። አምስት ወለል ያለው የእኛ ሕንፃ ያንን ያልፋል። አዋጁ ስለ እሳት መከላከያም ተናግሯል፤ በ2003 ዓ.ም. ዝርዝር ደንብ ወጥቶለታል። ሁሉም በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟል። በእኛ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ግን ከአዋጆቹ አንዱንም አላነበቡም፤ ማኅበሩም በዓመት አንድ ጊዜ ሲሰበሰብ የሚከራከረው በውኃ ፓምፕና ባልከፈለ አባል ላይ ነው። ሽንሌ ያልተጻፈውን ሁሉም በቃሉ ያውቅ ነበር፤ እኛ የተጻፈውን ሁላችንም መኖሩን ብቻ እናውቃለን። ከዚህም የሚብሰው፣ ሶፋውን ደረጃ ላይ ያስቀመጠው ሰው ሶፋው ነገ በሚያደርሰው ጉዳት ምን እንደሚከፍል አያውቅም። ጎረቤቱም እንደማይከፍል ስለሚያውቅ አይናገረውም።

በልጅነቴ ሰሌን ውድ ነበር፤ ሴቶቹ ወራት ፈጅተው ይሠሩታል። ሲቃጠል ፈጥኖ ይያያዛል፣ ይህን መካድ አይቻልም፤ ግን የሚቃጠለውን ጎን ጎረቤት በእጁ ገንጥሎ ይጥለዋል። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰውም በበሩ ባይችል ሰሌኑን ከፍ አድርጎ በጎኑ ሾልኮ ይወጣል። የአቃል ግድግዳ ሁሉ በር ነው ማለት ይቻላል።

ኋላ ፕላስቲክ መጣ። ሽንሌ ስሄድ ከአቃሎቹ ብዙዎቹ ሰሌናቸውን በላስቲክ፣ በጆንያና በአሮጌ ጨርቅ ለውጠዋል፤ ርካሽ ነው፣ ዝናብ አያስገባም፣ ሴቶቹንም ከወራት ድካም ገላግሏል። ሲቃጠል ግን ይንጠባጠባል፤ የነካውንም አይለቅም። ይህ የድሃ ሰፈር ችግር ብቻ እንዳይመስለን ለንደን አለችልን። ግሬንፌል ታወር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ተሠርቶ ያለቀ ባለ 24 ወለል መኖሪያ ነው፤ በዚያው አቆጣጠር በ2016 ለሙቀትም ለመልክም ተብሎ ውስጡ ፕላስቲክ የሆነ የአሉሚኒየም ልባስ ለበሰ። በሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ማቀዝቀዣ የተነሣው እሳት በዚያ ልባስ ላይ ወደ ላይ ሮጠ፤ 72 ሰዎች ሞቱ። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩበት። ሕንፃው አንድ ደረጃ ብቻ ነበረው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የቆየውን መመሪያ ይዘው ነዋሪውን ለሁለት ሰዓት ያህል «ቤታችሁ ቆዩ» ሲሉት ቆዩ። ኋላ መርማሪዎቹ ምክሩ ቀደም ብሎ መነሣት ነበረበት ብለዋል። መመሪያው ሞኝነት አልነበረም፤ እሳት ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት አያልፍም በሚል የሕንፃ አሠራር ላይ ቆሞ ነበር። ልባሱ ያንን አሠራር ሲያፈርሰው ለመመሪያው የነገረው ሰው አልነበረም።

ወደ ሽንሌ ቀረብ ካልንም ሐርጌሳ አለች። በ2014 ዓ.ም. መጋቢት የዋሄን ገበያ ሌሊቱን ሲነድ አደረ፤ የእሳት አደጋ መኪኖች በሱቆቹ መካከል የቀረውን ጠባብ መንገድ ማለፍ ተቸገሩ። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠልም ስለ መንገድ ጥበት ተመሳሳይ ቅሬታ ሰማን። ሁለቱም ገበያ ናቸው፤ መኖሪያ ፎቅ አይደሉም። ግን ሰው ለራሱ የሚያስፋው በሌላው መውጫ ላይ መሆኑን ያሳያሉ። ሞተር ሳይክሏም የምትለው ይህንኑ ነው።

የድሮዋን ሽንሌ መሬት ቢነቀንቃት የሚወድቅ ብዙ ነገር አልነበራትም። አካባቢው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷታል፣ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ ፈርሳለች። የሚገድለው የሚወድቅ ድንጋይ ነው። አቃል ቢወዛወዝ ይወዛወዛል፣ ቢወድቅም የሚወድቀው ሰሌን ነው፤ የሚጎዳው የእኛው የድንጋይ ቤት ነበር። እኛ በእነሱ ላይ የምንመካበት ግንብ መሆኑ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የመጣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ አራተኛ ፎቅ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን። መስከረም 26 ማታ የጣሪያው መብራት ሲወዛወዝ ሁሉም ወደ ደረጃው ሮጠ፤ ሕፃን የያዘች እናት ሮቶው ጋ፣ አንድ ሽማግሌ ሶፋው ጋ ተሰነቀሩ። ታች የብረቱ በር ተቆልፎ ጥበቃው ቁልፉን ሲፈልግ ሰው በሰው ላይ ተደረበ። ማንም አልተጎዳም። በማግስቱ ደረጃው ጸድቶ ተገኘ፣ ሞተር ሳይክሏም ግቢ አደረች። ታኅሣሥ 26 ሌሊት ከዚያ የጠነከረ ሲመጣ ግን ሶፋው ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ፍርሃት ያጸዳው ደረጃ ፍርሃቱ እስኪያልፍ ብቻ ይጸዳል።

ይህን ሁሉ ስል ድሮን እያሳመርኩ እንዳልሆነ መናገር አለብኝ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማለቂያ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ፣ የሜዳ ሰው ምን ያህል መከላከያ እንደሌለው ሁላችንም አይተናል። ጎርፍ ሲመጣ ፎቅ መዳኛ ነው፤ ሰሌን አይደለም። አቃል ውስጥ ትንሽ ልጅ ፍም ላይ ሲወድቅ ያዳነው ሥርዓት አልነበረም፤ ሐኪም ቤቱም ሩቅ ነበር። ዛሬ ቧንቧ አለኝ፣ መብራት አለኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና የአደጋ ኮሚሽን አለ፤ ብደውል መኪና ይመጣል። ሌላም ያገኘሁት አለ። ሽንሌ ማን ቤቴ እንደገባ፣ ምን እንደበላሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ሰፈሩ ያውቅ ነበር፤ አያዮ ፍሙን ስታይ ድስቱንም ታይ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ በሬን ስዘጋ ማንም አያየኝም። ይህን ነፃነት ወድጄዋለሁ፤ መልሰህ ስጠው ብባል እምቢ እላለሁ። ብቻ የማይታይ ሰው ጭስ ሲያፍነውም አይታይም።

ሽንሌም እየተለወጠች ነው፤ ብሎኬቱ በዝቷል። ጅግጅጋና ድሬዳዋ ላይ ፎቅ በፎቅ ላይ ሲደረብ የሚያዩ የአካባቢው ልጆች አንድ ቀን ከራሳቸው በላይ ሰው ተኝቶ ያድራል። አቃልን ይዘው እንዲወጡ አልመክራቸውም። አዋጅም ሽቦም ማጥፊያ ሲሊንደርም ይኑራቸው፤ በዓመት አንድ ቀን ሁሉም በደረጃው ወርዶ የሚለማመድበት ቀንም ይኑራቸው። ግን ደረጃ ላይ ያለው ዕቃ ላደረሰው ጉዳት የወለሉ ቤቶች ሁሉ ያዋጣሉ የሚል አንድ መስመር በማኅበራቸው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ቢያስገቡ፣ ሶፋው በሳምንቱ የሚነሣ ይመስለኛል። አያቶቻቸው ይህን ያለ መሐንዲስ ደርሰውበታል፦ ኪሳራውን በጋራ የሚከፍሉ ሰዎች አደጋውንም በጋራ ይጠብቃሉ። እኛ አዲስ አበቤዎች አደጋውን የጋራ፣ ወጪውን የሌላ ሰው አድርገነዋል። እንዲህ ያለ ሒሳብ ይዞ ሽንሌ ገበያ የወጣ ሰው አንድ ፍየል እንኳ አይሸጡለትም።